ሴራና ታሪክ ምን ይለያቸዋል? ከአንድ ጥያቄ የተነሳ ረጅም ክር

ጥያቄውን የለጠፈችው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የቤት ሥራው የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሴራ እንዲጽፉ ያዛል። ልጅቷ መጽሐፉን ዳር እስከ ዳር አነበበች። ከዚያ አራት ገጽ ሙሉ ጽፋ አስረከበች። ከ10 ያገኘችው 3 ነው። መምህሯ ከግርጌ ያሰፈሩት ማስታወሻ የጻፈችው ታሪክ እንጂ ሴራ አይደለም የሚል ነው፤ ማብራሪያ የለውም። እሷም ግራ ገባት። የተዛባ ነገር የለም፣ የቀረ ሰው የለም፣ ሁሉም በቅደም ተከተሉ ተቀምጧል። ታዲያ ታሪክና ሴራ ምን ይለያቸዋል? ጥያቄዋ ይኸው ነው።

ክሩ ከዚያ ወዲህ በጣም ረዝሟል። መሃል ላይም ጭቅጭቅ ገብቶበታል። ውስጡ ያለው ቁም ነገር ግን ተቀብሮ እንዲቀር አልፈልግም። ስለዚህ መልሶቹን በተራቸው፣ በራሴ አነጋገር እነግራችኋለሁ። የምስማማበትንም የማልስማማበትንም እያነሳሁ።

መልስ 1

ጨዋ ሰው ነው። ተማሪዋን አመሰገነና የቃላት ፍቺ ደረደረላት። ገጸ ባሕርይ በድርሰቱ ውስጥ የሚሳተፈው ነው። መቼት ድርጊቱ የተፈጸመበት ጊዜና ቦታ ነው። ግጭት የተቃራኒ ፍላጎቶች ፍጥጫ ነው። ጭብጥ ማዕከላዊ ሐሳብ ነው። አንጻር ታሪኩ የሚተረክበት እይታ ነው። ሴራ ደግሞ የድርጊቶች የምክንያትና ውጤት ትስስር ነው።

ሁሉም ትክክል ነው። ግን ልጅቷ ይህንን በደብተሯ ሳትጽፈው አልቀረችም። ፍቺ ሸምድዶ የማያውቅ ተማሪ የለም። የሚቸግረው ፍቺውን ይዞ መጽሐፉ ውስጥ መግባት ላይ ነው።

መልስ 2

ክሩን ያዳኑት እኚህ ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር መሆናቸውን ከአጻጻፋቸው መረዳት ይቻላል። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር በ1927 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠውን ልዩነት አመጡ። ንጉሡ ሞተ፣ ከዚያም ንግሥቲቱ ሞተች ከተባለ ታሪክ ነው። ንጉሡ ሞተ፣ ንግሥቲቱም ከሐዘን ብዛት ሞተች ከተባለ ግን ሴራ ነው። ሟቾቹ ያው ናቸው። የተጨመረው ምክንያት ብቻ ነው።

ቀጥለው አንድ መፈተኛ ሰጧት። ከጻፈችው ውስጥ «ከዚያ» የሚለውን በሙሉ ታውጣ። በቦታው «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» ታግባ። ዓረፍተ ነገሩ ከቆመ ሴራ ይዛለች። ከተንገዳገደ ገና ታሪክ እየተረከች ነው።

እኔ ይህንን ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል። ቦጋለና ውድነሽ ተጋቡ፣ ከዚያ በዛብህ ተወለደ፣ ከዚያ ድጓ ተማረ፣ ከዚያ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ገባ፣ ከዚያ የፊታውራሪን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ወደደ። ይህ የክስተቶች ዝርዝር ነው። አሁን ደግሞ እንዲህ እንበለው። በዛብህ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ ስለሆነ ከዓለም ርቆ መኖር አለበት። ነገር ግን ትምህርቱ ራሱ የትልቅ ሰው ልጅ አስተማሪ አደረገው። ስለዚህ ሰብለን ወደደ። ሰብለ ደግሞ በዘር የሚመጥናት ባል እየተመረጠላት ስለቆየች ፍቅራቸው በስውር መያዝ ነበረበት። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ነገር ቀጣዩን ይገፋዋል። ከመሃል አንዱን ብታወጡት የቀረው ይፈርሳል።

መልስ 3

ተማሪዋ ራሷ ናት። አመሰገነች፣ እንደገና እንደምትጽፈው ተናገረች። ለጊዜው ሄደች።

መልስ 4

እዚህ ላይ ድምፁ ጠነከረ። መልስ 2 ለመፈተኛቸው የበዛብህን ስለት ምሳሌ አድርገው ነበር፤ ይህ ጸሐፊ ግን ስለቱን ይህን ያህል ማጉላት የመጽሐፉን ነፍስ መሳት ነው ባይ ነው። በዛብህን የገደለው ስለት ሳይሆን የመደብ ልዩነት ነው አለ። ፊታውራሪ መሸሻ ለድሃ ልጅ ልጃቸውን የማይሰጡት ስለቱን አስበው አይደለም። መልስ 2ን የጻፉትን ሰውዬም መጽሐፉን በቤተ ክህነት መነጽር ያነባሉ ብሎ ወረፋቸው። ይህቺ አያያዝ ደስ አላለችኝም። ሰውየው የጻፉት ስለ ዘዴው እንጂ ስለ ሃይማኖት አልነበረም።

መልስ 5

ለሁለቱም ቦታ የሰጠ አስታራቂ መልስ ነው። ግጭት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም አለ። ሰው ከሰው ጋር ይጋጫል፣ ከኅብረተሰቡ ጋር ይጋጫል፣ ከተፈጥሮ ጋር ይጋጫል፣ ከራሱም ጋር ይጋጫል። በዛብህ ከፊታውራሪ ቤት ጋር ያለበት ግጭት ውጫዊ ነው። በስለቱና በፍቅሩ መካከል ሲዋልል ያለው ግን ውስጣዊ ነው። መልስ 4 የመጀመሪያውን አይቷል፣ መልስ 2 ሁለተኛውን። ሐዲስ ዓለማየሁ ሁለቱን አንድ ልብ ውስጥ ስላስገቧቸው ነው መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ እስከ ዛሬ የሚያከራክረን።

ከዚህ መልስ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ውስጣዊው ግጭት ባይኖር ኖሮ በዛብህ የተበደለ ሰው ብቻ ይሆንብን ነበር። የምናዝንለት፣ ግን የማናውቀው ሰው። ማታ ብቻውን ሲሆን ከራሱ ጋር የሚሟገተውን ስለምንሰማ ነው የምናውቀው የሚመስለን።

መልስ 6

ይህኛው አዲስ በር ከፈተ። በመጽሐፉ ውስጥ ሥርዓቱን የሚተቸው ጉዱ ካሳ፣ በእውነተኛ ስሙ ካሳ ዳምጤ፣ የደራሲው አፍ ነው አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ በሥርዓቱ ላይ የነበራቸውን ቅሬታ ሁሉ በካሳ ዳምጤ በኩል ነው የተናገሩት። ስለዚህ መጽሐፉን ለመረዳት የጉዱ ካሳን ንግግር አውጥቶ ማንበብ ይበቃል።

መልስ 7

ወዲያው መልስ መጣበት፤ የሚያቃጥል መልስ። ይህቺ ናት ተማሪ የሚያበላሽ ንባብ አለች ጸሐፊዋ። ደራሲ ሌላ ነው፣ ተራኪ ሌላ ነው፣ ገጸ ባሕርይ ሌላ ነው። ጉዱ ካሳን ሰው እንደ ዕብድ ነው የሚያየው። ደራሲው ሐሳቡን ለዕብድ መሰል ሰው መስጠታቸው ራሱ ትርጉም አለው። ንግግሩን ከሰውየው ነጥለን ካነበብነው ያ ትርጉም ይጠፋል። ከዚያም ለማነጻጸር በ1975 ዓ.ም. የወጣውን የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» አነሳች። እዚያ ተራኪው ጋዜጠኛው ጸጋዬ ነው፤ «እኔ» እያለ ይተርካል። ስለዚህ ነገሩን በአብዛኛው በእሱ ዓይን ነው የምናየው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን በሦስተኛ መደብ፣ ሁሉን በሚያውቅ ተራኪ ነው የተተረከው። የበዛብህም ልብ ውስጥ ይገባል፣ የሰብለም እልፍኝ ውስጥ ይገባል። አንጻር ማለት ይህ ነው አለች።

አነጋገሯ ሻካራ ነው። ነጥቧ ግን ከክሩ ሁሉ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው። «ኦሮማይ»ን ሁሉን አወቅ ተራኪ ቢተርከው ኖሮ ሌላ መጽሐፍ ይሆን ነበር። የሰውየው ጥርጣሬ ቀስ እያለ ሲያድግ አብረነው የምንጠራጠረው «እኔ» ስለሚለን ነው።

መልስ 8

ውጥረቱን ያረገበው ይህ ነው። ጸሐፊው በዕድሜ የገፉ ናቸው። ፍቅር እስከ መቃብርን መጀመሪያ ያወቁት በኢትዮጵያ ሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ነው። ቤተሰቡ ሬዲዮኑን ከቦ ይቀመጣል፤ የሚያወራ ልጅ ይቆነጠጣል። እርሳቸውም ሥነ ጽሑፍን በትምህርት ቤት ሳይማሩ ተራኪ ማለት ምን እንደሆነ የገባቸው ያኔ ነው። ወጋየሁ ለፊታውራሪ መሸሻ አንድ ድምፅ አለው፣ ለጉዱ ካሳ ሌላ፣ ለሰብለ ሌላ። ሁሉም ሲጨርሱ ደግሞ የማንም ያልሆነ አንድ ድምፅ ይመለሳል። ያ የተራኪው ድምፅ ነው።

መልስ 6ን ለማፍረስ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። የጉዱ ካሳና የተራኪው ድምፅ አንድ ቢሆን ኖሮ ወጋየሁ ድምፁን ባልቀየረ ነበር።

መልስ 9፣ 10 እና 11

ሦስቱም ስለ ፊደል ናቸው። ገጸ በጸሎቱ ጸ ነው ወይስ በፀሐዩ ፀ፣ ባሕርይ በሐመሩ ሐ ነው ወይስ በሃሌታው ሀ። መጨረሻ ላይ ስድብ ቀረሽ ሆነ። እለፉት።

መልስ 12

ይህ መልስ ከሁሉ በላይ የወደድኩት ነው። ጸሐፊዋ ትያትር የተማረች ናት። እስካሁን ሁላችሁም ስለ ምክንያት አወራችሁ፣ ስለ ቅደም ተከተል ግን ማንም አላነሳም አለች። ሴራ ምክንያት ብቻ አይደለም። ደራሲው ታሪኩን ከየት ይጀምራል፣ የትኛውን ያስቀድማል፣ የትኛውን ደብቆ ያቆያል የሚለውም ነው።

ምሳሌዋ የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክልስ «ኤዲፐስ ንጉሥ» ነው። ታሪኩ በጊዜ ቅደም ተከተል ቢነገር እንዲህ ነው። ለቴብስ ንጉሥ ልጁ እንደሚገድለው ተተነበየ። ሕፃኑ ቁርጭምጭሚቱ ተበስቶ እንዲጣል ለእረኛ ተሰጠ። እረኛው ግን አዘነለት። ልጁ በቆሮንቶስ ቤተ መንግሥት አደገ። ሲያድግ አባቱን እንደሚገድል፣ እናቱን እንደሚያገባ ትንቢት ሰማ። ሸሸ። መንገድ ላይ አንድ ሰው ገደለ። ቴብስ ደርሶ የስፊንክስን እንቆቅልሽ ፈታ፣ ነገሠ፣ የሟቹን ንጉሥ ሚስት አገባ።

ተውኔቱ ከእነዚህ ከአንዳቸውም አይጀምርም። መጋረጃው ሲገለጥ ይህ ሁሉ አልፏል። ከተማዋን ቸነፈር እየፈጃት ነው። ሕዝቡ ደጃፉ ላይ ተሰብስቦ ንጉሡን ይለምናል። ንጉሡም የቀድሞውን ንጉሥ ገዳይ አድኖ ሊይዝ ይምላል። የሚያድነው ራሱን ነው፤ መንገድ ላይ የገደለው ሰው ያ ንጉሥ፣ የገዛ አባቱ፣ ነበርና። ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ አዲስ የሚደረገው ነገር ጥቂት ነው። ጠንቋዩ ይናገራል፣ ከቆሮንቶስ መልእክተኛ ይመጣል፣ አሮጌው እረኛ ይጠራል። እያንዳንዱ ሰው በመጣ ቁጥር ያለፈው ወደ ፊት እየመጣ ይሄዳል። አቴናውያን ታሪኩን ከድሮ ያውቁታል። የማያውቀው ኤዲፐስ ብቻ ነው። ተመልካቹ እያወቀ ባለታሪኩ ሳያውቅ ሲናገር የሚፈጠረው ነገር ድራማዊ ምጸት ይባላል። ገዳዩን ሲራገም እኛ እንሳቀቃለን።

ፈላስፋው አሪስቶትል ሴራን የትራጄዲ (የአሳዛኝ ተውኔት) ነፍስ ያለው ይህን ዓይነቱን ሥራ አይቶ ነው ብላ ቋጨችው። ታሪኩ ለሁሉም የአደባባይ ሀብት ነበር። ሴራው ግን የሶፎክልስ ነው።

ተማሪዋን የጠቀማት ከሁሉም በላይ ይህ ይመስለኛል። መልስ 2 የሴራን አንድ ፊት አሳየ። ይህ ሌላውን አሳየ።

መልስ 13

መልስ 12 ትያትር ስላስታወሰው አንድ ገጠመኝ ይዞ መጣ። በትምህርት ቤታቸው የወላጆች ቀን ተውኔት ይቀርባል። አንዱ ልጅ ቃለ ተውኔቱን ሲያጠና በቅንፍ ያለውንም አጥንቶታል። መድረክ ላይ ወጥቶ በቅንፍ ውስጥ ያለውን «እያለቀሰ» የሚለውን ጮክ ብሎ ተናገረው፤ ሳያለቅስ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ጨዋታ ቢሆንም ትምህርት አለው። በልብ ወለድ ውስጥ እያለቀሰ መሆኑን የሚነግረን ተራኪው ነው። በተውኔት ተራኪ የለም። ያ ሥራ ለተዋናዩ ፊት፣ ለድምፁና ለእጁ ተላልፎ ተሰጥቷል። ስለዚህ ተውኔት የሚያነብ ሰው ቅንፎቹን መዝለል የለበትም። ገቢር (የተውኔቱ ትልቁ ክፍል) እና ትዕይንት (በገቢሩ ውስጥ ያለው ትንሹ ክፍል) የት እንደሚለወጥም ልብ ይበል። ትዕይንት የሚለወጠው ብዙ ጊዜ ጊዜው ወይም ቦታው ሲለወጥ ነው።

መልስ 14

ቅሬታ ነው። ሁሌ ልብ ወለድ፣ ሁሌ ልብ ወለድ፤ ግጥምስ? የአማርኛ ተማሪ ሰምና ወርቅ፣ ማለትም ላይ ላዩን የሚሰማውንና የተደበቀውን ፍቺ፣ ሳይለይ ከትምህርት ቤት ይወጣል አለ። ተነጻጻሪ ዘይቤ «እንደ አንበሳ» ሲል ተለዋጭ «አንበሳ ነው» እንደሚል ብቻ ሸምድዶ ይሄዳል። ኅብር፣ ሁለቱን ፍቺ በአንድ የያዘው ቃል፣ የት እንዳለ ግን አያገኘውም። ሲጽፍ ተቆጥቷል፤ ቁጣው ግን ፍቅር ያለበት ነው።

መልስ 15 እና 16

መልስ 15 ስለ ግጥም ቤት ዓይነቶች አስረዳ። ቡሄ በሉ ቤት በሐረግ (በግማሽ ስንኝ) አራት አራት ቀለም (በጆሮ የሚለይ የድምፅ ቁራጭ)፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት፣ የወል ቤት ስድስት ስድስት። ጥሩ። ከዚያ ግን ስንኝ አምጥቶ ሲቆጥር ፊደሎቹን ቆጠረ። ልኬቱም አልመጣ አለው። መልስ 16 ያለ ርኅራኄ አረመው። ቀለም የሚቆጠረው በጆሮ ነው፤ በዓይን አይደለም። ድምፅ አልባ ሳድስ፣ ማለትም አናባቢ ሳይሰማበት የሚነበብ ስድስተኛ ፊደል፣ ከእሱ በፊት ባለው ፊደል ላይ ይለጠፋል እንጂ ለብቻው አይቆጠርም። «ልጆች ሁሉ» አምስት ፊደል ነው፣ አራት ቀለም ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ስለ ግጥም ባይጽፍ ይሻላል ብሎ ጨመረ። ያቺ የመጨረሻዋ ባትኖር ጥሩ ነበር።

ነጥቡ ለጀማሪ እንዲታይ እኔ አንዲት ስንኝ ገጥሜያለሁ። ሁለቱንም፣ የመልስ 14ን ኅብርና የመልስ 16ን ቆጠራ፣ አንድ ላይ ታሳያለች።

ልሻገር ብዬማ ስንቄን ቋጥሬ ነበር፤
አባይ አስቀረኝና ዋልኩኝ ከዚህ መንደር።

መጀመሪያ ቆጠራው። «ልሻገር ብዬማ» ሰባት ፊደል ነው። ጮክ ብላችሁ በሉት፤ ል፣ ሻ፣ ገር፣ ብ፣ ዬ፣ ማ። ስድስት። «ስንቄን ቋጥሬ ነበር» አሥር ፊደል አለው። ስን፣ ቄን፣ ቋጥ፣ ሬ፣ ነ፣ በር። ይኸውም ስድስት። አንዱ ሰባት አንዱ አሥር ፊደል ይዘው በጆሮ እኩል ይመዝናሉ። የወል ቤት ነው። «በር» እና «ደር» ቤት ይመታሉ።

አሁን ወደ ኅብሩ። ሰሙ ወንዙ ነው። ስንቁን የያዘ መንገደኛ ዓባይ ሞልቶበት ከመንደር ዋለ። ወርቁ ውሸታሙ ሰው ነው። አብረን እንሄዳለን ብሎ ቃል የገባ አባይ ሳይመጣ ቀረ፤ ባለስንቁም ቁጭ ብሎ ዋለ። ኅብር ቃሉ አንዷ «አባይ» ናት። «መሻገር» እና «ስንቅ» የሚሉት ደግሞ ሰሙን ያደምቁታል፤ አንባቢው ወንዙን እያየ እንዲዘናጋ ያደርጉታል። ሰሙ ራሱን ችሎ ካልቆመ ወርቁ ምንም ያህል ቢያምር ስንኙ ቅኔ አይሆንም።

መልስ 17

አጭር ናት፤ ግን አንድ የሚረሳ ነገር አስታወሰች። የዚህ መጽሐፍ ጭብጥ «ፍቅር» ነው ብሎ መመለስ መልስ አይደለም። ፍቅር ርእሰ ጉዳይ ነው። ጭብጥ መጽሐፉ ስለ ፍቅር ምን አለ ለሚለው የሚሰጥ መልስ ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል። ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥለው ይህ ነው። ልጆች ያላችሁ ዛሬ ማታ ንገሯቸው።

መልስ 18

በመሃል አንድ ሰው መጽሐፉን ገና እንዳላነበበውና መጨረሻው እንደተነገረበት አማረረ። ከርእሱ መገመት ይቻል ነበር ብሎ የመለሰለት አለ። እኔም እዚህ ላይ ዝም አልልም። «እስከ መቃብር» የሚለው ርእስ ንግር፣ የሚመጣውን አስቀድሞ የሚጠቁም ፍንጭ፣ ነው። ደራሲው መጨረሻውን ሽፋኑ ላይ አስቀምጦልናል። ማን ይሞታል ብለን አናነብም፤ እንዴት ብለን ነው የምናነበው።

መልስ 19

ተማሪዋ ተመለሰች። በ«ስለዚህ» እና በ«ነገር ግን» የተሰፋ አንድ ገጽ ጽፋለች። አራቱ ገጽ ወደ አንድ ወርዷል። መምህሯም እንደገና እንደሚያዩላት ነግረዋታል። አሁን ግን ሌላ ጥያቄ አላት። ሶፎክልስ ከመጨረሻው አጠገብ ከጀመረ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ ለምን ከወላጆቹ ጋብቻ ጀመሩ? በዛብህና ሰብለ ከተገናኙበት ቀን መጀመር አይቻልም ነበር ወይ?

መልስ 20 እና 21

መልስ 20 የድሮ ሰው ሲተርክ ከዘር ሐረግ ነው የሚጀምረው፣ ልማድ ነው አለ። መልስ 21 ደግሞ መጽሐፉ በጣም ረጅም ነው፣ መጀመሪያው ቢቆረጥ ምንም አይጎድልም አለ።

ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ጥያቄው የዚህን ክር ሁሉ ትምህርት በአንድ ቦታ የሚጠይቅ ስለሆነ መልሴን እዚሁ አስቀምጣለሁ። ስለቱ ከበዛብህ ምርጫ በፊት የመጣ ነው። ወላጆቹ ሲሳሉ አይተናል። ለምን እንደተሳሉ፣ ምን ያህል እንደፈሩ፣ ልጁን ምን ያህል እንደሚወዱት እናውቃለን። ስለዚህ በዛብህ ሰብለን በወደደ ጊዜ ስለቱ ለእኛ ባዶ ደንብ አይደለም፤ የውድነሽ ፊት ነው። መጽሐፉ ከፊታውራሪ መሸሻ እልፍኝ ቢጀምር ኖሮ የምናየው አንዱን ፍቅር ብቻ ነበር። አሁን ግን ሁለት ፍቅሮች ናቸው የሚጋጩት፤ የእናትና አባቱ፣ የሰብለም። መጀመሪያውን የሚቆርጥ ሰው መልስ 5 ያለውን ውስጣዊ ግጭት አብሮ ይቆርጠዋል።